የጤና ዓምድ፦ ደኅናውን ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት

 

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ ውኃ ንጽሕና ተነጋግረናል። ዛሬ ስለ ልጆቻችን ዓይን እናወራለን። ስለ ትራኮማ አይደለም። ትራኮማን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዓይን ያቀላል፤ ያሳክካል፤ ያስለቅሳል። የዛሬው ግን አያምም። አያሳክክም። አያስለቅስም። ልጁ አያውቀውም፤ እናቱም አታየውም። ስሙ “ሰነፍ ዓይን” ይባላል።

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከባድ ቃል ካጋጠማችሁ ፍቺው ከታች አለ።

በነጠላ ጫፍ የታወቀ ነገር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ከቦንጋ ከተማ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። ትምህርታችን የሚጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣለች። እናትየው ከሰሌዳው ስትገለብጥ ልጅቷም በእርሳስ ትሞነጫጭራለች። ስትጽፍ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ሲደክማት ደግሞ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ይሸሻል።

አንድ ቀን እናትየውን ጠየቅኋት።

“የልጅሽ ዓይን እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው የጀመራት። ሸውራራ ናት ይሏታል። አባቴ ግን ስታድግ ይለቃታል አሉኝ። ደግሞ ታያለች እኮ! መሬት የወደቀ ቡና ከእኔ ቀድማ ነው የምትለቅመው።”

እውነቷን ነው። ልጅቷ ታያለች። ግን በስንት ዓይኗ ነው የምታየው?

እናትየው በነጠላዋ ጫፍ የልጅቷን ግራ ዓይን እንድትሸፍን ነገርኳት። እኔ አምስት እርምጃ ራቅ ብዬ ጣቶቼን አሳየሁ። “ይህ ስንት ነው?” አልኩ። ልጅቷ ሳቀች። ጨዋታ መስሏታል። “ሦስት!” አለች። “ይህስ?” “ሁለት!” ሁሉንም በትክክል መለሰች።

ከዚያ እናትየው ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። የልጅቷ ሳቅ ቆመ። ነጠላውን በእጇ ገፋችው። ደግማ ስትሸፍናት አለቀሰች።

“እማዬ፣ ጉም ሆነ” አለች።

እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልተናገረችም። እኔም ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ነገሩ አዲስ ስለሆነብኝ አይደለም። የራሴም ግራ ዓይን እንደዚያው ስለሆነ ነው።

ለእናቴ ያልተነገራት

19 ዓመት ሲሆነኝ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዓይኔን ልመረመር ሄድኩ። ባለሙያው ቀኝ ዓይኔን ሸፍኖ “በግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ምልክት አንብቢ” አለኝ። ምልክቱ አልታየኝም። ሰሌዳው ራሱ ጉም ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ሁሉ ግራ ዓይን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በአንድ ዓይን ተምሬ፣ በአንድ ዓይን ፈተና አልፌ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ቡና ስቀዳ አንዳንዴ ከስኒው ውጭ አፈስሳለሁ። ቤተሰቦቼ “እጅሽ አይረጋም” ይሉኝ ነበር። ለካስ እጄ አይደለም። አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ በደንብ የሚለየው በሁለት ዓይን ሲታይ ነው።

ሐኪሙ “በአምስት ዓመትሽ ብትመጪ ኖሮ በጣም ይሻልሽ ነበር። አሁን ግን ዋናው ጊዜ አልፏል” አለኝ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች። “እማዬ፣ ያልተነገረሽን በምን ታውቂያለሽ?” አልኳት። የዛሬውን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ለእናቴ ያልተነገራት ለእናንተ እንዲነገር ነው።

ሁለቱ በሬዎችና ገበሬው

ዓይን ብቻውን አያይም። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል። ያየነውን ነገር የሚያነበው ግን አእምሮ ነው። እናንተ ፊደልን በልምምድ እንዳወቃችሁ፣ ማየትም በልምምድ ይታወቃል። ሕፃን ሲወለድ በደንብ ማየት ገና አልተማረም። አእምሮው ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጣውን የሚማረው በተለይ እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ዕድሜው ነው።

በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስቡ። አንዱ ብርቱ ነው። ሌላው ዳተኛ ነው። ገበሬው ቸኩሏል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ በብርቱው በሬ ላይ ጣለ። ዳተኛው ቀንበር ተሸክሞ ይሄዳል እንጂ አይስብም። ቀን በቀን ላይ ሲጨመር መሳብን ይረሳል። እግሩ አልተሰበረም። ጫንቃው አልቆሰለም። የደከመው ሥራ ስላጣ ነው።

በሬዎቹ ሁለቱ ዓይኖች ናቸው። ገበሬው አእምሮ ነው። አንዱ ዓይን የጠራ ነገር ያመጣለታል። ሌላው የደበዘዘ ነገር ያመጣለታል። አእምሮ የደበዘዘውን እየተወ የጠራውን ብቻ ይወስዳል። እንዲህ ሲል የተተወው ዓይን ይደክማል። ሰነፍ ዓይን ማለት ይህ ነው። ዓይኑን ከውጭ ብታዩት ደኅና ነው። እንዲያውም “ሰነፍ” መባሉ በደል ነው። ሥራ ያጣ ዓይን ነው።

ይህን በሙከራ ያሳዩ ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩ። ስማቸው ዴቪድ ሁበል እና ቶርስተን ዊዝል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የድመት ልጆችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ዘጉ። በኋላ ሲከፍቱት ዓይኑ ጤነኛ ነው። አእምሮው ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መቀበል ትቷል። ያደገ ድመት ዓይን ሲዘጋ ይህ ጉዳት አልታየም። ከዚህ ምን እንማራለን? ልጅነት ጊዜ አለው። ጊዜው ካለፈ የተተወውን መመለስ ይከብዳል። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1. ሸውራራነት። ሁለቱ ዓይኖች ወደ አንድ ቦታ አያዩም። አእምሮ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ እንዳያይ የአንዱን ዓይን ይተዋል።

2. የዓይኖቹ አለመመጣጠን። አንዱ ዓይን ያለ መነጽር ያያል። ሌላው መነጽር ይፈልጋል። ይህ ከሁሉም ይልቅ ይደበቃል። ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ማንም አይጠረጥርም። የእኔ ዓይን እንደዚህ ነበር።

3. ብርሃን የሚጋርድ ነገር። ሞራ ይዞት የተወለደ ሕፃን አለ። የዓይኑ ቆብ ወድቆ ብሌኑን የሸፈነበት ልጅም አለ።

ሰነፍ ዓይን በዓለም ላይ ከ100 ልጆች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል። ጥቂት ይመስላል። ግን በአንድ ትምህርት ቤት 500 ልጆች ቢኖሩ ከ5 እስከ 15 ልጆች ይሆናሉ ማለት ነው።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ስለ ዓይነ ስውርነት አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ1000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር እንደሆኑ ታወቀ። ከእነሱ ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ። እንዲህ ባለ ቆጠራ አንድ ሰው ዓይነ ስውር የሚባለው በሚሻለው ዓይኑም ማየት ሲያቅተው ነው። አንድ ደኅና ዓይን ያለው “ያያል” ተብሎ ይታለፋል። እኔም ብቆጠር “ታያለች” እባላለሁ። ታዲያ ደኅናው ዓይን አንድ ቀን በእሾህ ወይም በእንጨት ፍንጣሪ ቢጎዳ ሰውየው በምን ያያል? ሰነፍ ዓይን ቀላል ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

አያትየው ማር ይዘው ወረዱ

ወደ ልጅቷ እንመለስ። እናትየው ወደ ሐኪም ልትወስዳት ስትነሣ አያትየው ተቆጡ።

“ለምታይ ልጅ ምን ሐኪም ያስፈልጋታል? የመሳፈሪያው ገንዘብስ ከየት ይመጣል?”

እናትየው አልተከራከረችም። ልጅቷን ፊታቸው አቁማ ቀኝ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። “አባዬ፣ እስቲ እርስዎ ይጠይቋት” አለች። አያትየው ጥቂት እርምጃ ራቁ። ሁለት የቡና ፍሬ በመዳፋቸው ላይ አድርገው “የኔ ልጅ፣ ይህ ስንት ነው?” አሉ።

“አላውቅም” አለች ልጅቷ።

ነጠላው ሲነሣላት “ሁለት ነው!” አለች።

አያትየው ዝም አሉ። በማግሥቱ ማር ይዘው ወደ ገበያ ወረዱ። የመሳፈሪያው ገንዘብ ከዚያ ተገኘ።

እናትና ልጅ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከዚያ ወደ ቦንጋ ተላኩ። ከቦንጋ የሪፈር ወረቀት ይዘው ጅማ ገቡ። ጅማ ከቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረጉላትና ዓይኖቿን ለኩ። ግራ ዓይኗ ብርቱ መነጽር ያስፈልገው ነበር።

ምርመራው አያምም። ፊደል ማወቅም አያስፈልግም። “ጠ” የምትባለውን ፊደል አስታውሱ። ሦስት እግር አላት። እንደዚያ ያለ ባለ ሦስት እግር ምልክት በሰሌዳ ላይ አለ። እግሮቹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዞረዋል። ልጁ እግሮቹ የዞሩበትን በእጁ ያሳያል። በቃ።

ሕክምናው እንዴት ነው?

ዳተኛውን በሬ እንዴት ታሠሩታላችሁ? ብርቱውን ትፈታላችሁ። ያኔ ዳተኛው ብቻውን ይስባል። የሰነፍ ዓይን ሕክምናም እንዲሁ ነው። ይህ ብልሃት ዛሬ የተገኘ አይደለም። ቡፎን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1743 ጽፎበታል።

አንደኛ፣ መነጽር። ልጁ መነጽር የሚያስፈልገው ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህ ይታዘዛል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል። አንዳንድ ልጆች በመነጽር ብቻ በጥቂት ወራት ይሻላቸዋል።

ሁለተኛ፣ ደኅናውን ዓይን መሸፈን። መነጽሩ ብቻ ካልበቃ በደኅናው ዓይን ላይ ፕላስተር ይለጠፋል። ደካማው ዓይን የግዱን ይሠራል። “ስንት ሰዓት?” ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአሜሪካ የወጣ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች በሆኑ 189 ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ድካሙ መካከለኛ ሲሆን በቀን 2 ሰዓት መሸፈን 6 ሰዓት ከመሸፈን ጋር እኩል ጠቅሟል። ዓይኑ በጣም ከደከመ ግን ሐኪሙ የበለጠ ሰዓት ሊያዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጠብታ። ፕላስተር እንቢ ላለ ልጅ ሐኪሙ አትሮፒን የሚባል ጠብታ ሊያዝ ይችላል። ጠብታው የሚደረገው በደኅናው ዓይን ነው። የቅርቡን ነገር ስለሚያደበዝዝበት ደካማው እንዲሠራ ያደርጋል። ይህ መድኃኒት ከተጠጣ መርዝ ነው። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

ሞራ ያለበት ልጅ ግን በቅድሚያ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ሸውራራ ዓይንም በኦፕራሲዮን ሊቃና ይችላል። ዓይን ቀጥ ስላለ ብቻ ግን ማየቱ አይመለስም። መሸፈኑ አይቀርም።

ቡና ሲቆላ ይለጠፋል

ልጅቷ መጀመሪያ መነጽር ታዘዘላት። ሁለተኛ ጊዜ ጅማ ስትሄድ በቀን 2 ሰዓት ፕላስተር ተጨመረላት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። እናትየው ስትለጥፍ ልጅቷ ትነቅላለች። የሰፈር ልጆችም “አንድ ዓይና” እያሉ ሳቁባት። እናትየው አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ነበር።

መላውን ያመጡት አያትየው ናቸው። በቤቱ ሰዓት የለም። ቡና ግን በየቀኑ ይፈላል። “ቡና ሲቆላ ይለጠፍ። በረካ ተጠጥቶ ሲያበቃ ይነሣ” አሉ። ልጅቷ ከአያቷ ጎን ትቀመጣለች። አቦል እስኪደርስ ምስር ትለቅማለች። ቶና እስኪደርስ ከእናቷ ጋር ፊደል ትጽፋለች። እናትየው የእኔን የቤት ሥራ፣ ልጅቷ የዓይኗን የቤት ሥራ በአንድ ደብተር ይሠራሉ። በረካ ቶሎ ከደረሰ አያትየው “ገና ነው፤ አንድ መስመር ጨምሩ” ይላሉ። ደካማ ዓይን እንዲህ በቅርብ ጥቃቅን ሥራ ቢለማመድ መልካም ነው።

ዘንድሮ ወደ ቀበሌው ስመለስ ልጅቷ ሮጣ መጣች። መነጽሯን አድርጋለች። ቀኝ ዓይኗን በገዛ እጇ ሸፈነችና “ጣትሽን አሳይኝ” አለችኝ። አምስት እርምጃ ራቅሁ። ሦስት ጣት አሳየኋት።

“ሦስት!” አለች።

እኔም እንደ እሷ ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩ። ልጅቷ ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። ስንት እንደሆኑ አላየሁም። እሷ ግን ታየኛለች። ደስ አለኝ።

ሕክምናዋ ገና አላለቀም። ሐኪም በቀጠረ ጊዜ ትሄዳለች። መሸፈኑ ሲቆም የሚመለስባቸው ልጆች ስላሉ ክትትሉ ይቀጥላል።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ልጃችሁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍናችሁ በሌላው ያይ እንደሆነ ፈትኑ። ከዚያ ሌላውን ሸፍናችሁ ድገሙ። መናገር ያልጀመረ ሕፃን ከሆነ ልቅሶውን ተመልከቱ። አንዱ ዓይን ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላው ሲሸፈን ሁልጊዜ የሚያለቅስ ከሆነ ጠርጥሩ። በዚህ ፈተና ሁሉም አይገኝም። ስለዚህ ካጠራጠራችሁ የጤና ባለሙያ ይየው።

ከ4 ወር በላይ የሆነው ሕፃን ዓይኑ ከሸሸ “ሲያድግ ይለቀዋል” አትበሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታያችሁ አንድ ቀንም አትቆዩ። ሞራ ሊሆን ይችላል። ከሞራም የከፋ፣ ሕይወት የሚያጠፋ የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል።

በልጅ ዓይን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩ። ሰነፍ ዓይንን የሚያድን ቅጠል የለም። ዓይን የሚያጠፋ ቅጠል ግን አለ።

ሐኪም ሳያይ በገዛ እጃችሁ ዓይን ሸፍናችሁ ሕክምና አትጀምሩ። ከመጠን በላይ የተሸፈነ ደኅና ዓይን እሱም ሊደክም ይችላል።

ልጃችሁ 9 ወይም 10 ዓመት አልፎት ከሆነ “ረፍዷል” ብላችሁ አትቅሩ። ቀደም ብሎ መጀመር ይበልጣል። ዘግይተው ጀምረው የተሻላቸው ልጆች ግን አሉ።

የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ያዙት። የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ ወደ ሩቅ ሆስፒታል አትሂዱ።

በመጨረሻም፣ ሸውራራ ልጅን በስሙ ጥሩት። “ሸውራራው” ብላችሁ አትጥሩት። ዓይኑ እስኪድን ልቡ አይቁሰል።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጠቅልሉት። ማንበብ ለማትችል ጎረቤት አንብቡላት። አማርኛ የማትሰማ ከሆነ በካፊ ኖኖ ንገሯት። ያነበበ ላላነበበ ይንገር!

የቃላት ፍቺ

ሸውራራ — ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ አንድ ቦታ የማያዩ ሰው።
ብሌን — በዓይን መካከል ያለው ጥቁር ክብ።
ሞራ — በብሌን ውስጥ ነጭ ሆኖ ብርሃን የሚጋርድ ነገር።
የዓይን ቆብ — ዓይንን የሚከድነው ቆዳ።
ዳተኛ — ሥራ የማይወድ፣ ወደ ኋላ የሚል።
ሪፈር — ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላ የሚልክ ወረቀት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅቷ በግራ ዓይኗ በደንብ የማታይ መሆኑ እስከ 5 ዓመቷ ያልታወቀው ለምንድን ነው?
2. ሐኪም የደከመውን ዓይን ትቶ ደኅናውን የሚሸፍነው ለምንድን ነው?
3. አያትየው ሐሳባቸውን የለወጡት ምን አይተው ነው?
4. በቤታችሁ ከ8 ዓመት በታች ስንት ልጆች አሉ? ዛሬ ማታ የሁሉንም ዓይን ፈትኑ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አምጡ።